አንዲት «ደ» ያከራከረቻት ከተማ፦ ተድሞርን ማን ሠራት? አሁንስ ማን ይሥራት?

በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን 1ኛ ነገሥት 9፥18 ላይ አንባቢን የምታሰናክል አንዲት ቃል አለች። በመስመሩ ውስጥ የተጻፈው «ታማር» ነው፤ የእኛ «ተምር» ወንድም። ጽሑፉን ጠብቀው ያቆዩት የአይሁድ ጸሐፍት ግን «ሲነበብ ተድሞር ይባል» የሚል ምልክት ኅዳጉ ላይ አኑረዋል። የተጻፈውን አልነኩም፣ የሚነበበውንም አልተዉም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት «ደ» ብቻ ናት።

አንዲት ፊደል ብትሆንም የምታስኬደው መንገድ ሩቅ ነው። ታማር ከሆነች፣ ንጉሥ ሰሎሞን ያሠራት ከሙት ባሕር በስተ ደቡብ ያለች የጠረፍ ምሽግ ናት። ተድሞር ከሆነች ግን ከኢየሩሳሌም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጕዘን፣ ደማስቆን አልፈን፣ በሶርያ በረሃ መካከል እንደርሳለን። ግሪኮችና ሮማውያን ፓልሚራ ያሏት፣ ዐረቦች ዛሬም ተድሙር የሚሏት ከተማ ያለችው እዚያ ነው።

ነገሩ የሊቃውንት የፊደል ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። የአሳድ ቤተሰብ አገዛዝ በዲሴምበር 2024 ከወደቀ ወዲህ ግን (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተድሞር እንደገና መነጋገሪያ ሆናለች። በ2015 በፈንጂ የፈረሱት ቤተ መቅደሶች ይሠሩ ወይስ እንደ ወደቁ ይተዉ? ይሠሩ ከተባለስ በየትኛው ዘመን መልካቸው? ወጪውን የሚሸፍነው አገር ምን ሊጠይቅ ነው? ይህን ስሰማ ያቺ «ደ» ትመጣብኛለች። ተድሞር ዕድሜዋን ሁሉ ታላቅ ስም ያለው ሠሪ ሲፈለግላት የኖረች ከተማ ናት። ያቆሟት ግን ግመል ጫኞች፣ ውኃ ጠባቂዎችና ኬላ ላይ ቆመው ጭነት የሚቈጥሩ ሰዎች ናቸው።

ሰሎሞን በእርግጥ ሠራት?

መጀመሪያ መጽሐፉን እንየው። በነገሥቱ መጽሐፍ ስሟ የሚመጣው ሰሎሞን ሕዝቡን መልምሎ ባሠራቸው ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ነው። ጌዝር፣ የታችኛው ቤትሖሮን፣ ባዕላት፣ ከዚያም በምድረ በዳ ያለችው ይህች ከተማ። የቀሩት ለኢየሩሳሌም ቅርብ ናቸው። ከስሟ ቀጥሎም «በምድር» የሚል ቃል አለ፤ በአገር ውስጥ እንደ ማለት ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል የምድሪቱን ደቡባዊ ወሰን ሲያሰምር የሚጠራትም ታማርን ነው። ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች የነገሥቱ ጸሐፊ ያሰበው ወደ ኤዶምና ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደውን መንገድ የምትጠብቀውን የደቡቧን ታማር ነው ይላሉ።

2ኛ ዜና መዋዕል 8፥4 ላይ ስንደርስ ግን ጸሐፊው ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል። ሰሎሞን ሐማት ሱባን ድል ካደረገ በኋላ በምድረ በዳ ተድሞርን፣ በሐማትም የዕቃ ቤት ከተሞችን ሠራ ይለናል። ሐማት የዛሬዋ የሶርያ ከተማ ሐማ ናት። ዜና መዋዕል ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የተጻፈ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሶርያን የበረሃ መንገድ የሚያውቅ ሰው ታማር የምትባል ትንሽ ምሽግ ሲያነብ ተድሞር ቢመስለው አይገርምም። ወይም ደግሞ እኛ ያላገኘነው የቆየ ትውፊት በእጁ ነበረው። ሁለቱም ያስኬዳል።

የተረጋገጠው ነገር ተድሞር ከሰሎሞን በዕድሜ የምትበልጥ መሆኗ ነው። ስሟ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉ፣ በኤፍራጥስ ዳር በነበረችው በማሪ ከተማ በተገኙ የሸክላ ጽላቶች ላይ ይገኛል። በ1100 ዓመተ ዓለም ገደማ የነገሠው የአሦር ንጉሥ ቀዳማዊ ቴልጌልቴልፌልሶርም በተድሞር አራማውያንን እንደ ወጋ በዜና መዋዕሉ አስጽፏል። ሰሎሞን ደግሞ ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ የሚዘገይ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በበኩላቸው የዘመነ ሰሎሞን ነው የሚባል ትልቅ ሕንጻ በተድሞር አላገኙም።

ይህ መጽሐፉን ሐሰተኛ ያደርገዋል ወይ? እኔ እንደዚያ አላነበውም። በዚያው ዝርዝር ጌዝርም «ሠራ» ተብሏል፤ ግን ሁለት ቁጥር ከፍ ብለን ስናነብ ጌዝር ቀድሞ የነበረች፣ ፈርዖን ያቃጠላትና ለልጁ ለሰሎሞን ሚስት ማጫ የሰጣት ከተማ ናት። ስለዚህ «ሠራ» የሚለው ቃል ያለውን አደሰ፣ ቅጥር ጨመረ፣ ጠባቂ አኖረ ማለትም ይሆናል። ነገሥታት አንድ ኬላ ላይ ዘብ ካቆሙ አገሩን እኛ ሠራነው ማለታቸው ደግሞ በየትም አገር የታወቀ ነው።

ትውፊቱ ግን ከመጽሐፉም አልፎ ሄደ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ሰው ዮሴፍ ወልደ ማትያስ፣ ተድሞር ከኤፍራጥስ የአንድ ቀን፣ ከባቢሎን ደግሞ የስድስት ቀን መንገድ ርቃ እንደምትገኝ ይነግረንና ሰሎሞን በዚያ ሩቅ ቦታ የሠራት ለምን እንደ ሆነ ያስረዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ምድረ በዳ ምንጭና ጕድጓድ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከእስልምና በፊት የነበረው ዐረብ ባለቅኔ አን-ናቢጋ ደግሞ ሰሎሞን ጋኔኖችን አዝዞ ተድሞርን በድንጋይና በዓምድ እንዳሠራ ገጥሟል። ያን የሚያህል ዓምድ በረሃ መካከል ቆሞ ያየ ሰው የሰው እጅ አልሠራውም ቢል አይፈረድበትም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ አገር ጕዞውን የመዘገበው የቱዴላው ቢንያምም የሰሎሞን ከተማ ይላታል፤ በውስጧም 2,000 ያህል ጦረኛ አይሁድ እንዳሉ ጽፏል። የሚገርመው፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት የታልሙድ ሊቃውንት ለዚህችው «የሰሎሞን ከተማ» በጎ ቃል አልነበራቸውም። ተድሞር የምትጠፋበት ቀን ለእስራኤል በዓል ነው ያሉ አሉ፤ ቀስተኞቿ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ጥፋት እጃቸው አለበት በሚል ቂም።

ለእኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ክብረ ነገሥት የሰሎሞንን ጥበብ ለንግሥተ ሳባ ያሰማት ማን ነው ይላል? ነቢይ አይደለም፣ መልእክተኛም አይደለም። የግመልና የመርከብ ባለቤት የሆነው ነጋዴው ታምሪን ነው። የነገሥታቱን ስም ካነሣን በኋላ ከኋላቸው ግመል የሚነዳውን ሰው እንድንፈልግ የሚያስተምረን የገዛ መጽሐፋችን ነው።

የኬላው ሒሳብ

በረሃ መካከል ያለች ከተማ እንዴት ልትበለጽግ ቻለች? የተለመደው መልስ «መንገድ ላይ ስለ ነበረች» የሚል ነው፤ እኔን ግን አያጠግበኝም። በሶርያ በረሃ መንገድ የሚባል ነገር ተፈጥሮ አልሠራችም። ከሕንድና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ጭነት ሜዲትራኒያን ለመድረስ የኤፍራጥስን ወንዝ ተከትሎ ወደ ሰሜን መዞር ይችላል፤ ውኃም ሣርም አለ። ችግሩ ወንዙ ዳር የነበሩት ባላባቶች ናቸው። ጂኦግራፈሩ ስትራቦ እንደ ጻፈው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኬላ ተክለው ይቀርጡ ስለ ነበር ነጋዴዎች ወንዙን ትተው በዘላኖቹ አገር በኩል ማለፍን ይመርጡ ነበር። ዘላኖቹ የሚያስከፍሉት ይቀል ነበርና። የሸዋን ወይም የጎጃምን የድሮ ኬላዎች ታሪክ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ተድሞር ያደረገችው ይህን አማራጭ ማደራጀት ነው። ኤፍቃ የምትባል፣ ድኝ ድኝ የምትል ለብ ያለች ምንጭ ነበረቻት፤ በዚያች ዙሪያ የተምር፣ የወይራና የሮማን አትክልት ይበቅላል። ከዘላኖቹ ጋር የሥጋ ዝምድናና ውል ነበራት። ግመል ከእነርሱ ትወስዳለች፣ ጠባቂ ከእነርሱ ትቀጥራለች። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በሁለት ታላላቅ መንግሥታት፣ በሮማና ፋርስን ይገዛ በነበረው በፓርቲያ መካከል የራሷ ዕጣ ያላት ከተማ ይላታል። በሁለቱም በኩል ትነግዳለች፣ ከሁለቱም ትጠነቀቃለች። በ41 ዓመተ ዓለም ማርቆስ አንቶንዮስ ፈረሰኞቹን ሊያስዘርፋት ሲልክ ነጋዴዎቹ ቀድመው ሰምተው ሀብታቸውን ጭነው ኤፍራጥስን ተሻግረው ነበር። ዘራፊዎቹ ባዶ ከተማ አገኙ። ኋላ በጢባርዮስ ዘመን ከሮማ ግዛት ጋር ተቀላቀለች፤ በ129 ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያን ጐብኝቷት «የሐድርያን ፓልሚራ» ተባለች። ሌላ ስም፣ ሌላ «ሠሪ»።

የከተማዋን ትክክለኛ ጠባይ ለማየት የፈለገ ሰው ዓምዶቿን ይመልከት። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው ባለ ዓምድ ጐዳና ላይ በየዓምዱ ወገብ ላይ ወደ ውጭ የወጣ የድንጋይ መደገፊያ አለ። በላዩ ሐውልት ይቆምበት ነበር። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ስናነብ ብዙውን ጊዜ ክብሩ የተሰጠው በእኛ አነጋገር ለነጋድራሶች ነው፤ ሲራራውን በገንዘቡ ላቋቋመ፣ በመንገድ ለጠበቀ፣ ሸቀጡን በደኅና ላስገባ ሰው። ከእነርሱ አንዱ የቦልያድስ ልጅ ሶአዶስ ነው። በ144 በባቢሎን አገር ከነበረችው የንግድ ከተማ ከወሎጌስያስ የተነሣውን ሲራራ አብደላት የሚባል ሽፍታ ሊዘርፈው ሲያደባ፣ ሶአዶስ ጦር ይዞ ደርሶ አዳነው። ነጋዴዎቹም ሐውልት አቆሙለት፤ ከአንድ በላይ። በሮማ አደባባይ ጄኔራሎች የሚቆሙበት ቦታ ላይ በተድሞር የጭነት ጠባቂዎች ቆመዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን በኤፕሪል 137 የተቀረጸው የቀረጥ ድንጋይ ነው። በግሪክኛና በአራማይስጥ የተጻፈ፣ አምስት ሜትር ያህል የሚረዝም የዋጋ ሠሌዳ። መግቢያው ምክንያቱን ግልጽ ያደርገዋል፤ ብዙ ነገር ሳይጻፍ በልማድ ብቻ ይቀረጥ ስለ ነበር በነጋዴውና በቀረጥ ሰብሳቢው መካከል ጭቅጭቅ አልጠፋም፤ ስለዚህ ሸንጎው ሁሉም ተጽፎ በአደባባይ እንዲቆም ወሰነ። ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የተነሣ የግልጽነት ጥያቄ ነው።

ዝርዝሩን ማንበብ ገበያ መሐል እንደ መቆም ነው። ከውጭ ለሚገባ ባሪያ 22 ዲናር። ለአንድ ግመል ጭነት ደረቅ ሸቀጥ 3 ዲናር። በአልባስጥሮስ ብልቃጥ ለሚገባ አንድ የግመል ጭነት ሽቱ 25 ዲናር፤ በፍየል ቆዳ ስልቻ ከሆነ 13 ብቻ። በወንጌል ሴቲቱ በጌታ ራስ ላይ ያፈሰሰችው ሽቱ በአልባስጥሮስ ብልቃጥ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዋጋው ለምን እንዳጉረመረሙ ከዚህ ሠሌዳ ይገባዋል። ዕቃ መያዣው ብቻውን ቀረጡን እጥፍ ያህል ያደርገው ነበር። ሴተኛ አዳሪዎችም እንደሚያስከፍሉት መጠን ይቀረጣሉ። የሁለቱ ምንጮች ውኃ በዓመት 800 ዲናር። ግመል ደግሞ ተጭና ብትገባም ባዶዋን ብትገባም አንድ ዲናር።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይምታታል። ይህ ሠሌዳ የከተማዋና የአካባቢዋ ገበያ ቀረጥ ነው። ከሕንድና ከቻይና የሚመጣው ሐርና ቅመም ወደ ሮማ ግዛት ሲገባ የሚከፍለው ሌላ ነበር፤ የዋጋው ሩብ፣ 25 በመቶ። ያን የሰበሰበው የሮማ መንግሥት ነው። ተድሞር የበለጸገችው ከቀረጡ ይልቅ ከአገልግሎቱ፣ ማለትም ከግመሉ፣ ከጠባቂው፣ ከብድሩና ከደላላው ነው። ሐሩም እዚያው ቀርቷል፤ በ103 በተሠራው የኤላህቤል የመቃብር ግንብና በሌሎቹ ውስጥ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የተሸመነ የቻይና ሐር ሙታን ተገንዘውበት ተገኝቷል።

የቀረጡ ድንጋይ ራሱ ዛሬ በተድሞር የለም። በ1882 አንድ የሩስያ ልዑል አገኘው፤ የኦቶማኑ ሱልጣን ፈቅዶ በ1901 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተጓዘ፤ ዛሬ በኤርሚታዥ ሙዚየም አለ። ሩስያ በተድሞር ጉዳይ በ2016 የገባች የሚመስለው ሰው ይህን ያስብበት።

እስከ ሶቆጥራ

ተድሞራውያን የበረሃ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። በባሕረ ሰላጤው ጫፍ ከነበረው ወደብ መርከብ እያከራዩ እስከ ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ይነግዱ ነበር። በግብፅም በኩል በቀይ ባሕር ንግድ ገብተዋል። ከአፍሪካ ቀንድ ፊት ለፊት ባለችው የሶቆጥራ ደሴት፣ ሆቅ በሚባል ጥልቅ ዋሻ ውስጥ፣ በዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ አሳሾች አንድ የእንጨት ጽላት አገኙ። በተድሞር አራማይስጥ የተጻፈ ነው፤ ቀኑ የ258 ሐምሌ፤ ጸሐፊው አብጋር የሚባል ሰው። በዚያው ዋሻ ግድግዳ ላይ የሕንድ ነጋዴዎች በብራህሚ፣ የደቡብ ዐረብ ሰዎች በራሳቸው ፊደል፣ ከአክሱም የመጡም በእኛው ፊደል ስማቸውን ጽፈዋል።

አብጋርና የአክሱሙ ሰው ተያይተው ይወቁ አይወቁ የሚነግረን የለም፤ በዚያው ጨለማ ውስጥ ግን በየዘመናቸው ችቦ ይዘው ገብተዋል። የተድሞርን ስፋት ከማንኛውም የድል ቅስት ይልቅ ይህች ጽላት የምታሳይ ይመስለኛል።

አብጋር ጽላቱን በተወ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማዋ ከንግድ ወደ ጦር ሜዳ ዞረች። የተድሞሩ ገዢ ኦዴናቱስ የፋርሱን ንጉሥ ሻፑርን አሳድዶ ለሮማ ምሥራቁን አዳነ፤ ተገደለ፤ ሚስቱ ዘኖቢያ በልጇ ስም ያዘችው፤ በ270 ግብፅን ጨበጠች፤ በ272 ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን ማረካት፤ ከተማዋ በ273 ዳግም ስታምፅ ተዘረፈች። ዘኖቢያን በኋላ ሁሉም የራሱ አደረጋት፤ ሶርያ በገንዘብ ኖቷ ላይ ሳይቀር አትማታለች። የዘኖቢያ ታሪክ ሲተረክ ግን የሶአዶስ ታሪክ ይረሳል፤ የሲራራው ንግድ ደብዛው የጠፋው ደግሞ ከእርሷ ጦርነት በኋላ ነው።

ከቤተ መቅደሱ የወጡት ሰዎች

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። በኦገስት 2015 መጨረሻ «እስላማዊ መንግሥት» ነኝ የሚለው ቡድን ያፈነዳው፣ ቤል ለተባለው የከተማዋ ጣዖት የቆመው ቤተ መቅደስ በኤፕሪል 32 ዓ.ም. የተመረቀ ነበር፤ ጌታችን በምድር ይመላለስ በነበረበት ዘመን አካባቢ ማለት ነው። ግን «የ2,000 ዓመት ቤተ መቅደስ ፈረሰ» ሲባል አንድ ነገር ይዘለላል። ያ ሕንጻ ለአብዛኛው ዕድሜው የቤል ቤተ መቅደስ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ቀጥሎ መስጊድ ሆነ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቅጥሩ ምሽግ ሆነ፤ ከዚያም በግቢው ውስጥ ሙሉ መንደር ገባ። የተድሞር ሰዎች ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከዓምዶቹ ሥር፣ በጭቃ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ያስነሷቸው በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሶርያን በሞግዚትነት የያዙት ፈረንሳዮች ናቸው። ቤቶቹ ፈረሱ፣ ሕዝቡ በአቅራቢያው ወደ ተቈረቈረችው አዲስ ከተማ ሄደ፣ ቤተ መቅደሱ «ጸዳ»። ቱሪስት ፎቶ ሲያነሣው የኖረው ንጹሕ ፍርስራሽ ጥንታዊ ብቻ አይደለም፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራም ነው።

ለሶርያውያን ደግሞ «ተድሞር» የሚለው ስም የሚያስታውሰው ሌላ ነው። ፈረንሳዮች የሠሩት የጦር ካምፕ በሐፊዝ አሳድ ዘመን እስር ቤት ሆነ። በሐፊዝ ላይ የግድያ ሙከራ በተደረገ ማግስት፣ ጁን 27 ቀን 1980፣ ወታደሮች በሄሊኮፕተር ገብተው በመቶዎች የሚቈጠሩ እስረኞችን በየክፍላቸው ረሸኑ። ዩኔስኮ ተድሞርን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በዚያው ዓመት ነው። በዓምዶቹ መሐል ፎቶ የሚነሣ ጐብኚና በዚያው አቧራ ላይ የሚገረፍ እስረኛ ለሃያ ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል። በሜይ 2015 ታጣቂው ቡድን እስር ቤቱንም አፈነዳው። ከዚያ የወጡ ሰዎች ደስ ይበላቸው ወይስ ይዘኑ ግራ ገባቸው፤ የስቃያቸው ቤት ፈረሰ፣ ማስረጃውም አብሮ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ከ1963 እስከ 2003 የከተማዋን ቅርሶች ያስተዳደረው ኻሊድ አል-አስዓድ ሰማንያ ዓመት ባለፈው ዕድሜው በኦገስት 2015 አንገቱ ተቀላ። በጥንታዊው ቲያትር መድረክ ላይ ወጣቶች እስረኞችን እንዲረሽኑ ተደርጎ ተቀረጸ። በማርች 2016 የሶርያ ጦር በሩስያ ድጋፍ ከተማዋን ሲያስለቅቅ በሜይ የሩስያ ኦርኬስትራ በዚያው መድረክ ላይ ኮንሰርት አቀረበ፤ ሩስያም በጥብቅ ቅርሱ ክልል ውስጥ የጦር ሰፈር ተከለች። በኤፕሪል በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ታጣቂዎቹ ያፈረሱት የተድሞር ቅስት አምሳያ በግብፅ እብነ በረድ ተቀርጾ ቆሞ ነበር። ታጣቂዎቹ በዲሴምበር ተመልሰው የቲያትሩን ፊትና አራት ማዕዘኑን የዓምድ ሕንጻ አፈረሱ። በማርች 2017 እንደገና ተባረሩ። እኔ ከእነዚህ ሁሉ ደግ ሥራ የምለው አንድ ነው፤ የፖላንድ ባለሙያዎች 15 ቶን የሚመዝነውን፣ አላት በተባለችው ጣዖት ስም የሚጠራውን የአንበሳ ሐውልት ስብርባሪ ለቅመው በ2017 ደማስቆ ላይ መልሰው አቆሙት። 

ታዲያ አሁን ምን ይደረግ? በጥገና ሙያ ውስጥ ከ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ጀምሮ አንድ ሕግ አለ፤ የወደቀውን ዋናውን ድንጋይ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል፣ የሌለውን በግምት መሥራት ግን አይቻልም። ሕጉ ለተድሞር ሲተገበር የሚሰጠው መልስ ለየሕንጻው ይለያያል። የቅስቱ ብዙ ድንጋይ በትልልቁ ወድቋል፤ ቈጥሮ፣ ለክቶ፣ መልሶ መደርደር ይቻላል። የቤል ውስጠኛ ክፍል ግን በብዛት ተፈርክሷል። እርሱን «እንደ ነበረ» የሚሠራ ሰው አዲስ ሕንጻ ነው የሚሠራው፤ ያውም ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱንና መንደሩን ዳግመኛ የሚሰርዝ አዲስ ሕንጻ። ገንዘብ ያለው መንግሥት ደግሞ መሥራት የሚወደው ይህንኑ ነው፤ ፎቶው ያምራልና።

በሜይ 2025 የአሜሪካ ማዕቀብ እንደሚነሣ ከተነገረ ወዲህ ገንዘብ የማይታሰብ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጸጥታው ግን ገና ነው፤ በዲሴምበር 2025 እዚያው ተድሞር ውስጥ በተከፈተ ተኩስ ሁለት የአሜሪካ ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ተገድለዋል። መሬቱ ፈንጂ አለበት። ኤፍቃ ምንጭ ከጦርነቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ ነው የደረቀችው፤ ያን ያደረገው ታጣቂ ሳይሆን በየአትክልቱ የተቈፈረ ጕድጓድ ነው። ዮሴፍ ወልደ ማትያስ ከተማዋ ለምን እዚያ እንደ ተሠራች የሰጠው ብቸኛ ምክንያት ውኃው ነበር፤ ዛሬ ስለ መልሶ ግንባታ በሚነገረው ሁሉ ውስጥ ግን ከቅስቱ ያነሰ ስም ያለው እርሱ ነው።

የእኔ አሳብ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ የሚል ነው። ከጦርነቱ በፊት 50 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት የነበረችው አዲሲቱ ተድሞር ግማሿ ፍርስራሽ ናት። መጀመሪያ ፈንጂው ይለቀም፣ ውኃው ይታሰብ፣ የሰው ቤት ይጠገን፤ ሙዚየሙና ወድቀው ያሉት ድንጋዮች ይመዝገቡ፤ የእስር ቤቱ ቦታም እንደ ቤተ መቅደሶቹ ሁሉ ይታጠር። ቅስቱ ከዚያ በኋላ ቢደርስ አይቸኩልም። ይህን የምለው ለሰው ከማዘን ብቻ አይደለም። ያለ ነዋሪ ያለ ቅርስ ጠባቂ የለውም፤ ከ2011 ጀምሮ ከመቃብሮቹ እየተፈለፈሉ በድብቅ የተሸጡት የሙታን ምስሎች ይህን አሳይተዋል።

የቤል ውስጠኛ ክፍል ሲፈነዳ ትልቁ በሩ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል። ዛሬ በዚያ በር ገብቶ የሚቆም ሰው ከፊቱ የድንጋይ ክምር፣ ከዙሪያው የግቢውን ቅጥር ያያል። በዚያ ቅጥር ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ምድጃ ይጨስ፣ ሕፃን ያለቅስ፣ ግመል ይታሰር ነበር። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ከስደት ሲመለሱ የሚገቡት በአምስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ጣሪያው ወደ ወረደ ቤት ነው፤ ስለ ቤተ መቅደሱ ዕጣ ሲወሰን አያቶቻቸውን የጠየቀ አልነበረም።